በእማሆይ ጓሮ የተተከለው ችካል

ቢቸና ውስጥ «የዓለምነህ ቤት የት ነው?» ብሎ የሚጠይቅ እንግዳ «የትኛው ዓለምነህ?» ይባላል። «ዓለምነህ ቴሌ» ካለ ግን ከመናኸሪያው አንሥቶ ደጁ ድረስ የሚያደርሰው ሰው አያጣም። ሰውየው ከወጣትነቱ እስከ ጡረታው የስልክ ሥራ ሠርቷል። መስመር ዘርግቷል፣ እንጨት ላይ ተንጠልጥሏል፣ በኋላም ማማ ሲጠግን ኖሯል። ትውልዱ ሞጣ ነው። ወደ ቢቸና በዝውውር መጣና በጤና ጣቢያ ነርስ የነበረችውን ይርጋነሽን አግብቶ እዚያው ቀረ። ልጆቻቸው አድገው ከቤት ሲወጡ፣ እሱም ጡረታ ሲወጣ፣ ግቢው ጭር አለ።

ዓለምነህ አንድ የቆየ ምኞት ነበረው። በወጣትነቱ ለሥልጠና አዲስ አበባ በሄደ ጊዜ፣ አንድ ሰው በጠባብ ክፍል ውስጥ ተቀምጦ፣ ያለ ምንም መስመር፣ ጃፓን ካለ ሰው ጋር ሲያወራ አይቶ ነበር። አማተር ሬዲዮ ይባላል አሉት። ለንግድ አይደለም፤ ለመንግሥት ሥራም አይደለም። በየአገሩ ፈቃድ ያላቸው ሰዎች በአየር ላይ እየተፈላለጉ ሰላም የሚባባሉበት ነው። ዕድሜውን ሙሉ የሌላ ሰው ድምፅ ሲያሳልፍ የኖረ ሰው፣ ጡረታ ሲወጣ የራሱን ድምፅ ማሳለፍ ፈለገ። ተምሮ ተፈተነ፣ ፈቃዱን አወጣ፣ ለቀበሌውም ለወረዳውም አሳወቀ፣ ያገለገለ ሬዲዮ ገዝቶ በጋቢ ጠቅልሎ ይዞ መጣ። የቀረው ማማው ብቻ ነበር።

ማማውን ራሱ ነደፈው፤ ብየዳ ቤት አሠራው። ሦስት እግር ያለው፣ ከቤቱ ጣሪያ እጥፍ የሚረዝም የብረት መሰላል ነው። የመሠረቱን ጉድጓድ ቆፍሮ በሲሚንቶ ሞላ። እንዲህ ያለ ማማ ግን በራሱ አይቆምም፤ ነፋስ እንዳይጥለው በሦስት አቅጣጫ በሽቦ መወጠር አለበት። ሁለቱ ሽቦዎች በገዛ ግቢው ውስጥ ቦታ አገኙ። ሦስተኛው ግን አጥሩን አልፎ የጎረቤቱ ጓሮ ውስጥ ወረደ። ከዚያ ውጭ የሚታሰርበት መሬት አልነበረም።

ጎረቤቱ እማሆይ ወለተ ኢየሱስ ናቸው። ባላቸው ከሞቱ በኋላ ቆብ ደፍተው፣ ጌሾ እየሸጡ፣ ብቻቸውን የሚኖሩ ሴት ነበሩ። አንድ ልጃቸው ንጋት ከብዙ ዓመት በፊት ሰሊጥ ለማጨድ ብሎ ወደ መተማ ወርዶ፣ ከዚያ ሱዳንን ተሻግሮ ወደ ዐረብ አገር ሊዘልቅ እንደሆነ በስልክ ነገራቸው። ከዚያ ወዲህ ድምፁ ጠፋ። እማሆይ በአሮጌው ቁጥር መደወላቸውን አልተዉም። ደንበኛው እንደማይገኝ የምትናገረውን የመሣሪያ ድምፅ «እስቲ ልጄ ደግመሽ ፈልጊው» ሲሏት ይርጋነሽ በአጥር ሰምታ እንባዋ መጥቶ ነበር።

ዓለምነህ ሊያስፈቅድ የሄደው በጠዋት ነው። እማሆይ ከኮኩ ዛፍ ሥር ጌሾ እየቀነጠሱ አገኛቸው። ችካል የሚተከልበትን ቦታ በጣቱ አሳየ። የኮኩ ቅርንጫፎች ሽቦውን እንደሚነኩትም ነገራቸው።

«ብረቱ ምን ይሠራል ልጄ?» አሉት።

«ከሩቅ አገር ሰው ጋር ያነጋግራል እማሆይ።»

«ከየትኛው አገር?»

«ከየትም። ከኬንያ ይሁን፣ ከጣልያን፣ ከዐረብ አገር።»

ዐረብ አገርን ስሙን ያነሣው እሱ ራሱ ነው። በኋላ በጭንቀቱ ሰዓት ይህን መካድ ፈልጎ አልሆነለትም። የእማሆይ እጅ ጌሾው ላይ ቆመ።

«ሰውየው ስልክ ባይኖረውስ?»

«ይኼ በስልክ አይደለም። በአየር ነው የሚመጣ።»

«እንግዲያ ንጋቴን ታገኝልኛለሃ።»

መልሱን ዓለምነህ አሳምሮ ያውቀዋል። በዚያኛው ወገን ያለውም ሰው ሬዲዮ ሊኖረው፣ ፈቃድ ሊኖረው፣ አንቴና ሊሰቅል ይገባል። ጠፍቶ የቀረ ልጅ በአየር ላይ አይገኝም። ይህን መናገር ከባድ አልነበረም። ነገር ግን የሚፈልገው መሬት እፊቱ ነበር፤ ለስላሳ፣ ያልተረገጠ፣ ልክ በሚፈልገው ርቀት ላይ። አፉን ከፍቶ የወጣው ቃል «እግዚአብሔር ካለ» የሚል ሆነ።

«ትከለው» አሉ እማሆይ። «ኮኩም ካስቸገረህ ቁረጠው።»

ማማው የቆመው በደቦ ነው። የሠፈሩ ወንዶች ተሰብስበው፣ ግማሾቹ ገመድ ይዘው ሲስቡ፣ ግማሾቹ በሹካ እንጨት ከሥሩ ሲደግፉ፣ ብረቱ ቀስ እያለ ከመሬት ተነሣ። ዓለምነህ ከአንዱ ሽቦ ወደ ሌላው እየሮጠ «አላላው፣ ጠበቅ አድርገው» ይላል። ማማው ቀጥ ብሎ ሲቆም እልልታ ተሰማ። አጥሩ ወዲያ ማዶ፣ አዲስ ከተቆረጠው የኮክ ጉቶ አጠገብ እማሆይ ቆመው እጃቸውን ወደ ላይ ዘርግተው ነበር። ዓለምነህ አያቸው፤ ወዲያው የላላ ሽቦ ያለ አስመስሎ ፊቱን አዞረ።

መጀመሪያ ያነጋገረው ሰው ኬንያዊ ነበር። ቀጥሎ ጣልያን፣ ቀጥሎም ከባሕር ላይ የሚናገር መርከበኛ መጣ። ዕድሜ ልኩን ሲመኘው የኖረው ደስታ እጁ ገባ፤ ግን ሊቀምሰው አልቻለም። እማሆይ ከቅዳሴ መልስ በየጊዜው ይመጡ ጀመር። ትንሿን በርጩማ ይዘው ከሬዲዮው ክፍል ደጃፍ ይቀመጣሉ። አያቋርጡትም። ሲጨርስ ብቻ ቀና ብለው ያዩታል።

«ዛሬም የለም?»

«ዛሬ አየሩ ተበላሽቷል እማሆይ።»

ሌላ ቀን «ፀሐይዋ አስቸገረች» ይላል። የሚናገረው ነገር ውሸት አለመሆኑ ነበር ይበልጥ የሚያሳፍረው። የሬዲዮ ሞገድ በእርግጥ በፀሐይ ይታወካል፤ አየሩም በእርግጥ የሚበላሽበት ቀን አለ። እውነቱን እየቆራረሰ ውሸት ይሠራበት ነበር። እማሆይም ለሠፈሩ ሴቶች «ፀሐይ ናት አሉ የከለከለችኝ» እያሉ ያስረዱ ጀመር።

ይርጋነሽ ነገሩን ስትደርስበት ጮክ አላለችም። እራት ካቀረበች በኋላ ሳትቀመጥ ቆማ ቀረች።

«ሴትዮዋ ልጃቸው በዚያ ሣጥን ይመጣል ብለው ነው የሚጠብቁት። ታውቃለህ አይደለም?»

«እነግራቸዋለሁ።»

«መቼ?»

«ተይኝ፤ እነግራቸዋለሁ።»

«እኔ ሕመምተኛን እንደማይድን እያወቅሁ ትድናለህ ብዬ አላውቅም» አለችና ወደ ጓዳ ገባች። ከዚያ ቀን በኋላ ሬዲዮው ሲበራ እሷ ከቤት ትወጣ ጀመር።

ይህም ሆኖ አልተናገረም። እንዲያውም አንድ ቀን እማሆይ ከወትሮው ዘግይተው ሲቆዩበት፣ እንዲሄዱለት ብሎ «እሑድ እሑድ አየር ላይ ሰው ይበዛል» አላቸው። እንዲሁ የተወረወረ ቃል ነበር። እማሆይ ግን ቀጠሮ አድርገው ያዙት።

እሑድ ከቅዳሴ በኋላ የግቢው በር ተንኳኳ። ዓለምነህ ሲከፍት እማሆይን ብቻ አላገኘም። ከሞጣ በአውቶቡስ የመጡት እኅታቸው ወይዘሮ አገሬ፣ የንስሐ አባታቸው፣ የሠፈሩ ሴቶች፣ ሁሉም ነጠላቸውን እንዳጣፉ ቆመዋል። እማሆይ የንጋትን ፎቶግራፍ በመሀረብ ጠቅልለው ይዘዋል።

«ዘመዶቹም ድምፁን ይስሙት ብዬ ነው» አሉት። «ይከፋሃል?»

እዚያው በር ላይ መናገር ይችል ነበር። እንግዶቹ ሲገቡ ግን መንገድ ለቀቀ። በወጉ ወንበር ቀረበ። ይርጋነሽ ግድግዳውን ተደግፋ ቆማ ዓይኗን ከእሱ አልነቀለችም። እሱም የሚያደርገውን አጥቶ፣ በልማድ ብቻ፣ ሬዲዮውን ከፈተ። እሽ የሚለው ድምፅ ክፍሉን ሞላው። ቁልፉን ቀስ እያለ ሲያዞር አንድ የወንድ ድምፅ ብቅ አለ። የዐረብኛ ቅላጼ ያለው፣ ወጣት፣ በአየር ላይ የሚታወቅበትን የጥሪ ስም እየደጋገመ የሚያነጋግረው የሚፈልግ ሰው ነበር።

እማሆይ ከመቀመጫቸው ተነሡ። ወደ ሬዲዮው ተጠጉና አጎንብሰው «ንጋት» አሉት። «እኔ ነኝ፣ እናትህ። እኔ ነኝ ልጄ።»

ድምፁ መጣራቱን ቀጠለ። እማሆይ ወደ ዓለምነህ ዞረው «ለምን አይመልስልኝም?» አሉ። ክፍሉ ውስጥ ያለው ሰው ሁሉ እሱን አየ።

ዓለምነህ ሬዲዮውን አጠፋ።

«እሱ አይደለም እማሆይ። ንጋት በዚህ አይመጣም። ከመጀመሪያውም ሊመጣ አይችልም ነበር። እንዲህ ያለ ዕቃ የሌለው ሰው በዚህ አይገኝም። ይህን አውቅ ነበር። ችካሉን ጓሮዎ እንድተክል እንዲፈቅዱልኝ ብዬ ነው ዝም ያልኩት።»

የንስሐ አባት ዓይናቸውን ወደ መሬት አደረጉ። አንዲት ሴት ነጠላዋን ወደ አፏ ወሰደች። እማሆይ ፎቶግራፉን እንደገና በመሀረቡ ጠቀለሉት፤ ጫፉንም ቋጠሩት።

«ኮኩን ለዚህ ነው ያስቆረጥኸኝ?» አሉ።

«አዎ እማሆይ።»

እማሆይ «ወደ ቤት ውሰዱኝ» ብለው ክንዳቸውን ለእኅታቸው ሰጡ። ሰዎቹ ወንበሮቹን በየቦታቸው እየመለሱ፣ እንደ ለቅሶ ቤት ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው ወጡ። ዓለምነህ ከተቀመጠበት አልተነሣም። ሰው ሰድቦት ቢሆን ይቀለው ነበር። የንስሐ አባት ሲወጡ ትከሻውን መታ መታ ማድረጋቸው ደግሞ ከስድብ ሁሉ የባሰ ሆኖ ተሰማው።

ከሰዓት በኋላ በሩ እንደገና ተንኳኳ። ወይዘሮ አገሬ ነበሩ፤ ወደ ሞጣ ይዘው የሚመለሱትን ዕቃ አንጠልጥለዋል። ሊሰድቡት የመጡ መስሎት አንገቱን ደፍቶ ጠበቀ። እሳቸው ግን ወዲያና ወዲህ አይተው ወደ ውስጥ ገቡና በሩን ዘጉ።

«አንተ በሰው ሁሉ ፊት ተናገርህ» አሉ። «እኔ ለእኅቴ ለብቻዋ እንኳ መናገር አቅቶኝ ነው የኖርሁት።»

«ምኑን?»

«ንጋት ሞጣ ነው ያለ።»

ዓለምነህ ቀና አለ። ወይዘሮ አገሬ እንባቸውን በነጠላቸው ጫፍ እየጠረጉ አወሩት። ልጁ ሱዳንንም አላለፈም። ድንበር ላይ ወባ ጥሎት፣ ያለውን ሁሉ ጨርሶ፣ ባዶ እጁን ወደ ሞጣ ተመለሰ። ሲሄድ ለእናቱ ቤት እሠራለሁ፣ ኢየሩሳሌምም እወስድሻለሁ ብሎ ነበር። እንዲህ ሆኜ አልታያትም ብሎ አክስቱን አስማላቸው። ትንሽ ገንዘብ ልያዝና እገባለሁ ሲል ዓመታት አለፉ፤ በቆየ ቁጥር መግባቱ ይበልጥ ከበደው። አሁን ወፍጮ ቤት ይሠራል።

«ዛሬ እዚያ ወንበር ላይ ተቀምጬ፣ ያ ዐረብ ሲናገር፣ እኅቴ ልጄ ስትለው፣ መሬት ብትውጠኝ ደስ ባለኝ» አሉ። «አንተ ጥፋትህን ተናግረህ ጨረስህ። እኔስ ምን ልሁን?»

«እኔም አልጨረስሁም» አላቸው ዓለምነህ።

በነጋታው የእማሆይን ጓሮ ነጻ ሊያወጣ መፍቻውን ይዞ ሄደ። ሽቦውን ማላላት ሲጀምር እማሆይ ከቤት ወጡ።

«ምን ልታደርግ ነው?»

«ችካሉን ልነቅልልዎ።»

«ከነቀልኸው ብረቱ የት ይወድቃል?»

ዓለምነህ ቀና ብሎ አየ። ሽቦው ቢፈታ ሌሎቹ ሁለቱ ስበውት ማማው የሚያዘነብለው ወደ ራሱ ቤት ጣሪያ ነበር።

«ተወው» አሉት። «በእኔ ሰበብ ሌላ ጥፋት አትጨምር።» ተመልሰው ገቡ።

እሱም ከዚያው ወደ መናኸሪያ ሄደ። በደብረ ወርቅ በኩል ወደ ሞጣ በሚሄደው መኪና ውስጥ ተጨናንቆ ተቀመጠ፤ ለልጁ ምን እንደሚለው እያሰበ ነበር። ምክር ሊሰጥ የሚችልበት አፍ እንደሌለው ያውቃል። ተወልዶ ባደገበት ከተማ ሲወርድ የሚያውቁት ሰዎች ሰላም አሉት። «ለዘመድ ነው የመጣኸው?» ሲሉት «ለጎረቤት» ብሎ አለፈ።

ንጋት በወፍጮው ደጃፍ ኩንታል እያወረደ ነበር። ዱቄት ቅንድቡን አንጥቶታል፤ ከዕድሜው በላይ ያረጀ ይመስላል። ከሕፃንነቱ ጀምሮ የሚያውቀውን ጎረቤት ሲያይ ደነገጠ፤ ኩንታሉንም አስቀመጠው።

«እማዬ ሞተች?» አለ።

«በሕይወት አሉ። ደኅና ናቸው።»

ከወፍጮው ጩኸት ራቅ ብለው አጥር ሥር ተቀመጡ። ዓለምነህ የሠራውን ሁሉ ነገረው፤ ማማውን፣ ኮኩን፣ እሑዱን። እናቱ የማያውቁትን ሰው ድምፅ ልጄ ብለው እንደጠሩ ሲነግረው ንጋት ፊቱን በሁለት እጁ ሸፈነ።

«አሁን ምን ይዤ ልግባ ጋሼ?»

«አላውቅም። እኔም ምን ይዤ እሳቸው ፊት እንደምቆም አላውቅም።»

«አይንገሯት። እስከ ፋሲካ ይታገሡኝ። እኔው ራሴ እገባለሁ።»

ዓለምነህ ልቡ ራርቶለት ነበር። እሺ ማለት ቀላል ነበር፤ ከዚህ በፊትም እሺ የመሰለ ዝምታ ነው ጉድ የሠራው። «ይቅር በለኝ ልጄ» አለው። «ለእናትህ ሌላ ውሸት መጨመር አልችልም። ስደርስ እነግራቸዋለሁ። አንተ ግን ብትቀድመኝ ይሻላል፤ አብረን እንሂድ።»

ንጋት በእንቢታ ራሱን ነቀነቀ። ተነሥቶም ወደ ኩንታሉ ተመለሰ። ዓለምነህ ብቻውን ተመለሰ።

እማሆይ እንዲቀመጥ አልጋበዙትም። ቆሞ ነገራቸው። እሳቸውም መቋሚያቸውን ተደግፈው ቆመው ሰሙት።

«ታሟል?»

«አልታመመም። ከስቷል።»

«አገሬ ታውቅ ነበር?»

መልሱ እኅትማማቾቹን እንደሚያቃቅር ገባው። «ያውቁ ነበር» አለ።

«ሁላችሁም አዝናችሁልኝ ኖሯላ» አሉ እማሆይ። «እውነቱን የማልችል አደረጋችሁኝ። ልጅ ቀብሬ፣ ባል ቀብሬ የኖርሁ ሴት ነኝ።» ከንጋት በፊት የሞተባቸው ልጅ እንደነበረ ዓለምነህ ያን ቀን ነው ያወቀው። ይህን ያህል ዘመን አጥር ለአጥር ኖረው አንድም ቀን አልጠየቃቸውም ነበር።

የዚያኑ ሳምንት እማሆይ ለማንም ሳይናገሩ ጠዋት ተነሥተው፣ መቋሚያቸውን ይዘው፣ ሞጣ በሚሄደው መኪና ተሳፈሩ። ወፍጮ ቤቱ ደጃፍ እናትና ልጅ ምን እንደተባባሉ ቢቸና ውስጥ የሚያውቅ የለም። ሲመለሱ ግን ንጋት አብሯቸው ነበር፤ አንድ ፌስታል አንጠልጥሎ፣ ጎረቤት እንዳያየው ኮፍያውን ወደ ዓይኑ ስቦ። ወይዘሮ አገሬ እስከ ዓመቱ የጥምቀት በዓል ድረስ ወደ እኅታቸው ቤት አልመጡም።

ንጋት አሁን በከተማው ካሉት ወፍጮዎች በአንዱ ይሠራል። በእናቱ ጓሮ ውስጥ አዲስ የኮክ ችግኝ ተክሏል። ከዓለምነህ ጋር ሲገናኙ ሰላም ይባባላሉ፤ አንዱም የሌላውን ዓይን ብዙ አያይም። እማሆይም ሰላምታ አይነፍጉትም። «እንዴት አደርህ» ይሉታል በአጥሩ። በርጩማቸውን ይዘው ግን ዳግመኛ ደጁን አልረገጡም። እሱም ሬዲዮውን ሲከፍት፣ የሩቅ ሰው ደግ ቃል ሲሰማ፣ ደጃፉን ሳያይ አይቀርም።

ከሁሉ የከፋው የከተማው ወሬ ነው። ወሬው ዞሮ ዞሮ መልኩን ለወጠ። «ዓለምነህ ቴሌ ብረት አቁሞ የእማሆይን ልጅ አገኘላቸው» ይባል ጀመር። በሠርግ፣ በማኅበር፣ በመናኸሪያ ያሞግሱታል፤ መጠጥ ይጋብዙታል። «እንዲያ አይደለም» ይላል፤ ከመጀመሪያው ጀምሮ፣ ምንም ሳያስቀር ይነግራቸዋል። ትሑት ሰው ነው ይሉታል።

በዚህ ዓመት ከመርጡለ ማርያም አንዲት ሴት መጣች። ስሟ አምሳለች ነው። ጫማዋ አቧራ ለብሷል፤ በብብቷ ፎቶግራፍ ይዛለች። በሩን ሲከፍትላት ቀና ብላ ማማውን አየች፤ ከዚያ እሱን አየች።

«ልጄ ቤይሩት ሄዳ ጠፍታብኝ ነው» አለች። «እርስዎ ያገኛሉ ብለውኝ ነው።»

የአገሩ ወግ እንግዳን ማስገባት፣ ማስቀመጥ፣ ከዚያ መስማት ነው። ዓለምነህ ግን ሳትገባ፣ ሳትቀመጥ፣ እግሯ ደጃፉን ሳያልፍ ነገራት።

«አላገኝም እኅቴ። ይኼ ብረት የጠፋ ሰው አያገኝም።»

«የእማሆይንስ ልጅ?»

«ያገኙት እሳቸው ናቸው፤ ራሳቸው ሞጣ ድረስ ሄደው። እኔ አታለልኋቸው እንጂ አልጠቀምኋቸውም።»

ሴትዮዋ ፎቶግራፉን አውጥታ ልታሳየው ጀምራ ነበር፤ ቀስ ብላ ወደ ብብቷ መለሰችው። ውኃም ጠየቀች። ይርጋነሽ በብርጭቆ ይዛላት ወጣች፤ «ግቢና ዕረፊ» ብትላትም እንቢ አለች። እዚያው በሩ ላይ ቆማ ጠጣች፤ ዓለምነህም ጠጥታ እስክትጨርስ ድረስ ፊቷን ማየት አቅቶት የበሩን መቀርቀሪያ ይዞ ቆመ።